ማዘርቦርድ በራስ እጅ መቀየር፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትሞክሩ

«ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል አሉኝ። ራሴ ልቀይረው እችላለሁ ወይስ ላሠራው?» ዘመድም ጎረቤትም የሥራ ባልደረባም ይህንኑ ይጠይቀኛል። በስልክ እያስረዳሁ ስለደከመኝ አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈው ብያለሁ።

ማዘርቦርድ (ባጭሩ ቦርድ) ሌሎቹ የኮምፒውተሩ ክፍሎች ሁሉ የሚሰኩበት ትልቁ ሰሌዳ ነው። አጭሩ መልስ፦ ትችላላችሁ። መፍታቱና መግጠሙ የብሎንና የገመድ ሥራ ነው፤ ለጀማሪ ግማሽ ቀን ይበቃል። ሰው የሚከስረው ግን ካቻቪቴ ከመያዙ በፊት ነው። የማይገጥም ቦርድ ገዝቶ ይመጣል። ስለዚህ ግዢው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

አንድ ነገር እንግባባ። ብዙ ቢሮ ውስጥ ሳጥኑን በሙሉ «ሲፒዩ» ይሉታል። እዚህ ሳጥኑን ኬዝ፣ ውስጥ ያለችውን አራት ማዕዘን ቺፕ ደግሞ ፕሮሰሰር እላለሁ። አለበለዚያ እንደናገራለን።

መጀመሪያ፦ እውነት ማዘርቦርዱ ነው?

ቦርድ ከመግዛታችሁ በፊት ርካሾቹን ተጠርጣሪዎች አጣሩ።

ኮምፒውተሩ ጨርሶ ድምፅ ካላሰማ ቀድሞ የሚጠረጠረው ፓወር ሰፕላዩ (ለክፍሎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ነው። ከሌላ ደህና ኮምፒውተር ተውሳችሁ ሞክሩት። ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ባዶ ከሆነ ራሙን (ቦርዱ ላይ ቆሞ የሚሰካውን ቀጭን የሜሞሪ ሰሌዳ) አውጡና የወርቅ ቀለም ያለውን ጥርሱን በንጹህ ላጲስ ቀስ አድርጋችሁ ጥረጉት። ፍርፋሪውን አራግፉና መልሱት። ሁለት ራም ካለ አንድ በአንድ፣ በተለያየ ማስገቢያ ሞክሩ። ሰዓትና ቀን እየጠፋ ካስቸገረ ደግሞ ቦርዱ ላይ ያለችውን ሲአር2032 ክብ ባትሪ ቀይሩ። ለእሷ ብሎ ቦርድ የሚቀይር አለ!

ከዚያ ቦርዱን በስልክ መብራት እዩት። አናታቸው ያበጠ ወይም ፈሳሽ ያንጠባጠቡ ካፓሲተሮች (ትንንሽ ቆርቆሮ መሳይ ሲሊንደሮች)፣ የጠቆረ ቦታ፣ የተቃጠለ ሽታ ካለ ጥፋተኛው ተገኝቷል።

የትኛው ቦርድ ይገጥማል?

የድሮው ቦርድ ሞዴል ራሱ ላይ ታትሟል። ብዙ ጊዜ በፕሮሰሰሩና በካርድ ማስገቢያዎቹ መሃል በትልልቅ ፊደል ይገኛል። ፎቶ አንሱት፤ ገበያ ስትወጡ ይዛችሁት ሂዱ። ከዚያ የሚከተሉትን አመሳክሩ።

የፕሮሰሰር ሶኬት (ፕሮሰሰሩ ቦርዱ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ)። የድሮውን ፕሮሰሰር የምታቆዩት ከሆነ የአዲሱ ቦርድ ሶኬት ከእሱ ጋር መግጠም አለበት። ኢንቴል ላይ 2ኛና 3ኛ ትውልድ ሶኬት 1155፣ 4ኛው 1150፣ ከ6ኛ እስከ 9ኛ 1151፣ 10ኛና 11ኛ 1200፣ ከ12ኛ እስከ 14ኛ 1700 ነው። ትውልዱን ከስሙ ታነቡታላችሁ፦ አይ5-4590 ከሆነ 4ኛ፣ አይ5-10400 ከሆነ 10ኛ ትውልድ ነው። 1151 ላይ ወጥመድ አለ። 6ኛና 7ኛ ትውልድ ባለ 100 ወይም ባለ 200 ቺፕሴት (የቦርዱ ዋና መቆጣጠሪያ ቺፕ) ቦርድ ይፈልጋሉ፤ 8ኛና 9ኛ ደግሞ ባለ 300። ከተምታታባችሁ ፕሮሰሰሩ ሶኬቱ ላይ ቁጭ ይላል፣ ኮምፒውተሩ ግን አይነሳም። ኤኤምዲ ላይ ቀለል ይላል፦ ከ1000 እስከ 5000 ያሉት የዴስክቶፕ ራይዘኖች ኤኤም4፣ 7000ና 9000 ደግሞ ኤኤም5 ናቸው። ቢሆንም ቆየት ያለ የኤኤም4 ቦርድ ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው፣ ቦርዱ ላይ ያለው ፕሮግራም) ካልታደሰ ራይዘን 5000ን ላያውቀው ይችላል። የቦርዱ አምራች ድረ ገጽ ላይ የሚደገፉ ፕሮሰሰሮች ዝርዝር አለ። የእናንተን ፕሮሰሰር እዚያ ላይ ፈልጉት፤ ከአጠገቡ የሚያስፈልገው የባዮስ ቁጥር ተጽፏል።

ራም። ዲዲአር3፣ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 አይለዋወጡም። ታችኛው ጥርስ ላይ ያለው ክፍተት ቦታው ስለሚለያይ በጉልበት ካልሆነ አይገቡም፤ በጉልበት ከገቡ ደግሞ ይሰበራሉ። ሶኬት 1700 ላይ በተለይ ጠይቁ፤ አንዳንዱ ቦርድ ዲዲአር4፣ አንዳንዱ ዲዲአር5 ነው የሚቀበለው።

መጠን። ኤቲኤክስ 30.5 በ24.4፣ ማይክሮ ኤቲኤክስ 24.4 በ24.4፣ ሚኒ አይቲኤክስ 17 በ17 ሴንቲ ሜትር ነው። ትንሽ ቦርድ ትልቅ ኬዝ ውስጥ ይገባል፤ ትልቁ ትንሹ ውስጥ አይገባም። ማስመሪያ ይዛችሁ የድሮውን ለኩ።

አሁን ዋናው ወጥመድ። እኛ ቤት ያለው ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ ከውጭ ተጠቅመውበት የመጣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ ወይም ሌኖቮ ቲንክሴንተር ነው። የእነዚህ ውስጥ ከተለመደው ይለያል። ብዙዎቹ በባለ 24 ፒኑ ፓወር ገመድ ፋንታ ባለ 8 ወይም ባለ 6 ፒን ይጠቀማሉ። የፊት ቁልፉ ገመድ፣ የኩለሩ (ፕሮሰሰሩን የሚያቀዘቅዘው ብረትና ፋን) ብሎን ቀዳዳ፣ የኋላው ቆርቆሮም (የቦርዱ መሰኪያዎች ወደ ውጭ የሚወጡበት) የራሳቸው ነው። ስለዚህ ለእነሱ ገበያ ላይ ያለ ማንኛውም ቦርድ አይሆንም። ቦርዱ ላይ የተለጠፈውን የዕቃ ቁጥር አንብባችሁ ያንኑ ሞዴል ፈልጉ። ካልተገኘ ኬዙንም ፓወር ሰፕላዩንም ጨምሮ መቀየር ሊኖርባችሁ ነው፤ ያኔ ሒሳቡን ደግማችሁ ሥሩ።

ያገለገለ ቦርድ ስትገዙ ሦስት ነገር ጠይቁ። ሻጩ ፊታችሁ አስነስቶ ያሳያችሁ። የሶኬቱን ፒኖች በስልክ መብራት ከጎን አይታችሁ የተጣመመ እንደሌለ አረጋግጡ። የኋላውን ቆርቆሮ ተቀበሉ፤ እሱ ለብቻው በቀላሉ አይገኝም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- መካከለኛ መስቀለኛ ካቻቪቴ፣ ጫፉ ማግኔት ቢሆን ይመረጣል
- ተርማል ፔስት (በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መሃል የሚገባ ቅባት)፣ ትንሿ ቱቦ ትበቃለች
- ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል፣ 70 በመቶውም ይሠራል፤ እስኪደርቅ መጠበቅ ብቻ ነው (ሽቶና ሳኒታይዘር አይተኩትም፤ ዘይትና ጄል ይተዋሉ)
- ፍርፋሪ የማይተው ንጹህ ጨርቅ
- ለስላሳ ደረቅ ቡርሽ
- ሁለት ሲኒ፣ ለብሎን
- ወረቀት ፕላስተርና እስክሪቢቶ፣ ገመድ ለመሰየም
- ስልክ፣ ለፎቶና ለመብራት
- የአዲሱ ቦርድ ማኑዋል፣ በወረቀት ወይም በስልክ የወረደ
- ፍላሽ፣ የአዲሱ ቦርድ የኔትወርክ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከኔትወርኩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) የተገለበጠበት

የመጨረሻዋን አትናቁ። ዊንዶውስ ተነስቶ ኢንተርኔት ካልሠራ፣ ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ድራይቨሩ ያስፈልጋል።

ማስጠንቀቂያ

ፓወር ሰፕላዩን በፍጹም አትክፈቱ። ከግድግዳው ተነቅሎም ውስጡ ሰው የሚጎዳ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። ተበላሽቶ ከሆነ እንዳለ ይቀየራል።

አንዳንድ ፓወር ሰፕላይ ከኋላው 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለው። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ኮምፒውተር ከሆነ 115 ላይ ሊሆን ይችላል። በእኛ 220 ቮልት ላይ እንዲሁ ከሰካችሁት ይፈነዳል። 230 ላይ መሆኑን እዩ።

ምንጣፍ ላይ አትሥሩ፤ ናይለን ወይም ሱፍ ሹራብ ለብሳችሁም አትሥሩ። ሹራብ ስታወልቁ የሚንጣጣው ነገር ለእናንተ ጨዋታ ነው፤ ቺፕን ግን ይገድላል። በበጋ አየሩ ሲደርቅ ይብሳል። ቦርድ ከመንካታችሁ በፊት ቀለም ያልተቀባውን የኬዙን ብረት ንኩ። ከአጠገቡ ተነስታችሁ ስትመለሱም እንደገና ንኩ።

ዊንዶውስ ላይ ቢትሎከር ወይም የዲስክ ምስጠራ (ፋይሉ ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ የሚያደርግ) በርቶ ከሆነ ቦርዱን ስትቀይሩ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ይጠይቃችኋል፤ ምክንያቱም ዲስኩን የሚከፍተው ቺፕ ያለው የድሮው ቦርድ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ አሁንም የሚነሳ ከሆነ ምስጠራውን አስቀድማችሁ አጥፉት ወይም ቁልፉን በወረቀት ጻፉት። የማይነሳ ከሆነ በሌላ መሣሪያ ወደ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ገብታችሁ ፈልጉት። ቁልፉ ከሌለ ፋይሉ የለም።

ክፍል አንድ፦ የድሮውን ማውጣት

1. ፋይላችሁን ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጡ። ቦርድ ሲቀየር ዲስክ አይጠፋም፤ ዊንዶውስ እንደገና መጫን ግን ሊያስፈልግ ይችላል።

2. አጥፉ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን ንቀሉ፣ ከዚያ የፓወር ቁልፉን 10 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ገመዱ ከተሰካ ቦርዱ ላይ ሁልጊዜ 5 ቮልት አለ። ቁልፉን መጫኑ የቀረውን ያራግፋል።

3. ኬዙን በጎኑ ጠረጴዛ ላይ አስተኙና ክዳኑን ክፈቱ። አቧራውን በቡርሽ አራግፉ፤ ፋኖቹን በጣት ይዛችሁ።

4. ምንም ሳትነቅሉ ፎቶ አንሱ። ከላይ፣ ከጎን፣ ከእያንዳንዱ ገመድ ጫፍ አጠገብ። አሥር ፎቶ ብዙ አይደለም። በተለይ ከቦርዱ ግርጌ ያሉትን የፊት ቁልፍና የመብራት ቀጫጭን ገመዶች በደንብ አንሱ፤ በኋላ የምትጠፉት እዚያ ነው።

5. ግራፊክስ ካርድ ካለ መጀመሪያ እሱን አውጡ። ከኋላ ያለውን ብሎን ፍቱ፣ ማስገቢያው ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ በጣት ጫኑ፣ ካርዱን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡ። መቆለፊያዋን ረስታችሁ ከሳባችሁ ማስገቢያውን ትገነጥሉታላችሁ።

6. ገመዶቹን ሁሉ ንቀሉ፦ ሰፊውን ባለ 24 ፒን፣ ከፕሮሰሰሩ በላይ ጥግ ያለውን ባለ 4 ወይም ባለ 8 ፒን፣ የዲስኮቹን ሳታ (ዲስክን ከቦርዱ የሚያገናኘውን ጠፍጣፋ ገመድ)፣ የፊት ዩኤስቢና ድምፅ፣ የኬዙን ፋኖች። መቆለፊያ ያለውን መቆለፊያውን እየጫናችሁ ሳቡ። ሽቦውን ሳይሆን ፕላስቲኩን ያዙ። በእያንዳንዱ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ምን እንደሆነ ጻፉ።

7. ቦርዱን የያዙትን ብሎኖች ፍቱና ሲኒ ውስጥ አስቀምጡ። ብዛታቸው እንደ መጠኑ ከ4 እስከ 9 ነው። የኬዙን ብሎኖች ሌላኛው ሲኒ ውስጥ አድርጉ፤ ጥርሳቸው ሊለያይ ይችላል፣ ከተቀላቀሉ ቀዳዳ ይበላሻል። ኩለሩንና ራሙን አሁን አትንኩ። ቦርዱን እንዳለ ወደ ኬዙ ፊት ትንሽ ገፍታችሁ አንሱት። ቀጥታ ወደ ላይ ከሳባችሁት መሰኪያዎቹ የኋላው ቆርቆሮ ላይ ይያዛሉ። እምቢ ካለ አንድ ብሎን ረስታችኋል ማለት ነው።

8. ቦርዱን ደረቅ ካርቶን ላይ አስቀምጡና ኩለሩን አንሱ። ኢንቴል ላይ አራት የፕላስቲክ ጫፎች ካሉ እያንዳንዱን በላዩ ባለው ቀስት አቅጣጫ አዙራችሁ ወደ ላይ ሳቡ። ኤኤም4 ላይ ግን ቆም በሉ። ፔስቱ ደርቆ ስለሚጣበቅ ኩለሩን ቀጥ አድርጎ የሳበ ሰው ፕሮሰሰሩን ከነፒኑ ከሶኬቱ ነቅሎ ያወጣዋል፤ ፒንም ይጣመማል። መጀመሪያ ኩለሩን ቀስ እያላችሁ ግራና ቀኝ አወዛውዙ፤ ሲላቀቅ ይታወቃችኋል። ኮምፒውተሩ የሚነሳ ከሆነ ተራ ቁጥር 2 ላይ ከማጥፋታችሁ በፊት 10 ደቂቃ ያህል ሥራ ላይ ብታቆዩት ፔስቱ ይለሰልሳል።

9. የሶኬቱን ዘንግ አንሱ፣ ፕሮሰሰሩን በጠርዙ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አውጡ፣ የድሮውን ፔስት በአልኮል ጥረጉ። ኩለሩንም እንዲሁ። የደረቀ ፔስት ሙቀት በደንብ አያሳልፍም፤ አዲሱን በላዩ መቀባትም አይረዳም። ራሙንና ኤም.2 ዲስክ (ቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚገጠም ቀጭን ዲስክ) ካለ እሱንም አንሱ።

ክፍል ሁለት፦ አዲሱን ካርቶኑ ላይ ማዘጋጀት

ይህን ክፍል የምንሠራው ከኬዙ ውጭ ነው። እጅ እንደልብ ይንቀሳቀሳል፤ ችግር ካለም ብሎን ሳናጠብቅ እናውቀዋለን።

10. ፕሮሰሰሩን አስቀምጡ። ጥጉ ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ምልክት አለ፤ ሶኬቱም ጥግ ላይ ተመሳሳይ አለ። አገናኙና ልቀቁት። አትጫኑት፤ በራሱ ክብደት ቁጭ ማለት አለበት። ካልገባ አቅጣጫው ተሳስቷል። ዘንጉን ስትዘጉት ኢንቴል ላይ ጠንከር ያለ ኃይል ይፈልጋል፣ ሲጢጥ የሚል ድምፅም ያሰማል። አትደንግጡ፤ ልክ ነው። ጥቁሩ የፕላስቲክ ሽፋን ዘንጉ ሲዘጋ በራሱ ይወጣል። አትጣሉት፤ ቦርዱን በዋስትና መመለስ ቢመጣ ሶኬቱ ተሸፍኖ መመለስ አለበት።

በምንም ምክንያት የሶኬቱን ፒኖች በጣት አትንኩ። ከፀጉር የቀጠኑ ናቸው፤ አንድ ከተጣመመ ቦርዱ አበቃለት ማለት ይቻላል።

11. መሃሉ ላይ ከምስር ተለቅ፣ ከሽምብራ አነስ ያለች የፔስት ጠብታ አድርጉ። መቀባት አያስፈልግም፤ ኩለሩ ሲጫናት ትሰፋለች። የፔስት ሥራ በሁለቱ ብረቶች መሃል ያለውን በዓይን የማይታይ ክፍተት መሙላት ብቻ ነው። ብዙ ከሆነ በጎን ፈሶ ያቆሽሻል።

12. ኩለሩን ግጠሙ። አዲስ ከሆነ ሥሩ ያለውን ስስ ላስቲክ ላጡት። ብሎኖቹን በመስቀል ቅርጽ፣ አንዱን ትንሽ፣ ተቃራኒውን ትንሽ እያላችሁ አጥብቁ። አንዱን ጎን ቀድማችሁ ከጨረሳችሁ ፔስቱ ወደ አንድ ወገን ይሸሻል። ኩለሩ በብሎን ፋንታ የሚገፉ የፕላስቲክ ጫፎች ካሉት ቦርዱን ገልብጣችሁ አራቱም ከኋላ መውጣታቸውን እዩ። የፋኑን ገመድ «ሲፒዩ ፋን» የሚል ጽሑፍ ያለበት ላይ ሰኩ። ሌላ ቦታ ብትሰኩት ብዙ ቦርድ «ፋን የለም» ብሎ ሥራ ያቆማል።

13. ራም። አራት ማስገቢያና ሁለት ራም ካላችሁ ብዙ ጊዜ ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር 2ኛውና 4ኛው ነው፤ ማኑዋሉን ግን እዩ። እንዲህ ሲሆን ሁለቱ አብረው በሁለት መስመር ይሠራሉ፤ ጎን ለጎን ከሆኑ ፍጥነት ይቀንሳል። ክፍተቱን አገናኙ፣ በሁለቱም ጫፍ ጠ የሚል ድምፅ እስኪሰማ ወደ ታች ጫኑ። ለመጀመሪያው ሙከራ ግን አንድ ብቻ አስገቡ።

14. አሁን ሞክሩት። የፓወር ሰፕላዩ ገመድ ካርቶኑ ድረስ ከደረሰ ኬዙ ውስጥ ይቆይ፤ ካልደረሰ አራቱን ብሎን ፍቱና አውጡት። ባለ 24 ፒኑንና የፕሮሰሰሩን ባለ 8 ፒን ሰኩ፤ የድሮው ባለ 4 ብቻ ከሆነና አዲሱ ባለ 8 ከጠየቀ ማኑዋሉን አንብቡ። ስክሪኑን ከቦርዱ ጋር አገናኙ። ፕሮሰሰራችሁ ስሙ መጨረሻ ላይ ኤፍ ያለው ኢንቴል ወይም ከ7000 በፊት ያለ፣ ጂ የሌለው ራይዘን ከሆነ ራሱ ምስል አያወጣም፤ ግራፊክስ ካርዱን ሰኩለት። ከዚያ ማኑዋሉ ላይ የፓወር ቁልፍ የተባሉትን ሁለት ፒኖች ለይታችሁ በካቻቪቴው ጫፍ ለአንድ ሰከንድ አገናኟቸው። ቁልፉ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ሌላ ፒን እንዳትነኩ።

ፋኑ ከዞረና ስክሪኑ ላይ የቦርዱ ስም ከመጣ ትልቁ ሥራ አልቋል። አጥፉ፣ ንቀሉ፣ ቀጥሉ። ዲዲአር5 ከሆነ ግን ታገሡ። መጀመሪያ ሲነሳ ራሙን እስኪለማመድ ለደቂቃዎች ስክሪኑ ጨለማ ሊሆን ይችላል። በዚህ መሃል የሚያጠፋ ሰው «አዲሱም ሞቷል» ብሎ ይመልሰዋል።

ክፍል ሦስት፦ ኬዙ ውስጥ መግጠም

15. የኋላውን ቆርቆሮ ከውስጥ ወደ ውጭ ገፍታችሁ አራት ጥጉ እስኪቆልፍ አስገቡ። ጠርዙ እጅ ይቆርጣል። ይህን ከቦርዱ በፊት ካላደረጋችሁ በኋላ ሁሉም ይፈታል። እኔ ሁለት ጊዜ ፈትቻለሁ፤ ሁለተኛው አይነገርም።

16. ቦርዱን ከኬዙ ብረት ከፍ አድርገው የሚይዙትን ነሐስማ መቆሚያዎች ቁጠሩ። አዲሱ ቦርድ ቀዳዳ ያለበት ሁሉ መቆሚያ ይኑር፤ ቀዳዳ በሌለበት ደግሞ አንድም አይቅር። ይህ ቀልድ አይደለም። አንድ ጊዜ ከትልቅ ቦርድ ወደ ማይክሮ ስቀይር አንዲት መቆሚያ ከሥር ረሳሁ። ከውጭ የሠራው ቦርድ ውስጥ ሲገባ እምቢ አለ። ፓወር ሰፕላዩን ጠረጠርኩ፣ ራሙን ጠረጠርኩ፣ ማታ ላይ ቦርዱን አንስቼ ሳየው መቆሚያዋ የቦርዱን ጀርባ ነክታ ነበር። ከዕድል አልተቃጠለም።

17. ቦርዱን ወደ ኋላው ቆርቆሮ ገፋ አድርጋችሁ አስቀምጡ። የቆርቆሮው ትንንሽ ምላሶች መሰኪያዎቹ ውስጥ አለመግባታቸውን ከውጭ እዩ፤ የኔትወርኩ ቀዳዳ ላይ በተለይ። ሁሉንም ብሎን ግማሽ ያህል ካስገባችሁ በኋላ አጥብቁ። እጅ እምቢ ሲል አቁሙ፤ በኃይል ከጠበቀ ቦርዱ ይሰነጠቃል።

18. ገመዶቹን መልሱ። የፕሮሰሰሩ ባለ 8 ፒንና የግራፊክስ ካርዱ ባለ 8 ፒን ይመሳሰላሉ። የፕሮሰሰሩ ለሁለት ባለ 4 ሲከፈል የካርዱ ባለ 6ና ባለ 2 ነው። አንዱ በሌላው ቦታ በግድ ከገባ እሳት ነው።

19. የፊት ቁልፍና መብራት ገመዶችን በማኑዋሉ ሥዕል መሠረት አንድ በአንድ ሰኩ። የፓወርና የሪሴት ቁልፎች ቢገለበጡም ይሠራሉ። መብራቶቹ ግን ፕላስና ማይነስ አላቸው፤ ከተገለበጡ አይበሩም እንጂ አይበላሹም። እዚህ ጋ መሳሳት አያስከፍልም።

20. ሁለተኛውን ራም፣ ዲስኮቹን፣ ግራፊክስ ካርዱን መልሱ። ክዳኑን ገና አትዝጉ። አስነሱና ወዲያው ዲሊት ወይም ኤፍ2 እየነካካችሁ ባዮስ ውስጥ ግቡ። ራሙ ሙሉ መጠኑ ይታያል? ዲስኩ አለ? ሰዓቱ ትክክል ነው? የፕሮሰሰሩ ሙቀት ምንም ሳይሠራ ከ60 ዲግሪ እያለፈ የሚወጣ ከሆነ ኩለሩ በደንብ አልተቀመጠም፤ አጥፉና ደግማችሁ ግጠሙት።

21. ዊንዶውስ። ዊንዶውስ 10 እና 11 ብዙ ጊዜ አዲሱን ቦርድ ራሳቸው ይለማመዳሉ፤ አንድ ሁለቴ ራሳቸውን አጥፍተው ይነሳሉ። ሰማያዊ ስክሪን ከመጣ ባዮስ ውስጥ የሳታ አሠራሩን (ቦርዱ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበትን መንገድ፤ ሬይድ ወይም ኤኤችሲአይ ይባላል) እዩ። የድሮው በሬይድ ተጭኖ አዲሱ ኤኤችሲአይ ላይ ከሆነ (ወይም በተቃራኒው) ይህ ይሆናል፤ ወደ ድሮው መልሱት። ዲስኩ ጨርሶ እንደ መነሻ ካልታየ በድሮው የማስነሻ መንገድ (ሌጋሲ) የተጫነ ሊሆን ይችላል። ለጀማሪ አጭሩ መንገድ ፋይሉን አትርፎ እንደ አዲስ መጫን ነው።

ከተነሳ በኋላ ፍላሹ ላይ ያለውን የኔትወርክ ድራይቨር ጫኑ፣ ቀሪውን ከኢንተርኔት አውርዱ። «ዊንዶውስ አክቲቭ አይደለም» ካለ ወደ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ግቡና አክቲቬሽን ገጹ ላይ ችግር ፈቺውን ክፈቱ፤ «ሃርድዌር በቅርቡ ቀይሬያለሁ» የሚል ምርጫ አለ። ፈቃዱ ከኮምፒውተሩ ጋር ከፋብሪካ የመጣ ከሆነ ግን ከድሮው ቦርድ ጋር የታሰረ ስለሆነ ላይሻገር ይችላል።

ካልተነሳ

ምንም ድምፅ የለም? የፓወር ሰፕላዩ የኋላ ማብሪያ፣ ባለ 24 ፒኑ እስከ መጨረሻው መግባቱ፣ የፊት ፓወር ቁልፉ ትክክለኛ ፒን ላይ መሆኑ፤ በዚህ ቅደም ተከተል።

ፋን ዞሮ ምስል የለም? ቦርዱ ጠርዝ ላይ ፕሮሰሰር፣ ራም፣ ግራፊክስ፣ ዲስክ የሚሉ አራት ትንንሽ መብራቶች ካሉ የበራችው ችግሩን ትነግራችኋለች። ከሌሉ ራሙን አንድ ብቻ አድርጉ፣ ደግማችሁ ጫኑት። የፕሮሰሰሩ ባለ 8 ፒን መሰካቱን እዩ።

በርቶ ወዲያው ይጠፋል? ኩለሩን፣ ቀጥሎ መቆሚያዎቹን መርምሩ። ካልሆነ ቦርዱን አውጥታችሁ ካርቶን ላይ መልሱ። እዚያ ከሠራ ጥፋቱ ኬዙ ውስጥ ነው።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

የስክሪኑን ገመድ ቦርዱ ላይ ሰክቶ፣ ግራፊክስ ካርድ እያለ፣ «ምስል የለም» ማለት። ካርድ ካለ ገመዱ ካርዱ ላይ ነው የሚሰካው።

የኩለሩን ላስቲክ ሳይልጡ መግጠም። ይነሳል፣ ትንሽ ሠርቶ ይግላል፣ ይጠፋል።

ራሙን በአንድ ወገን ብቻ ጠ አሰኝቶ መተው። ከሩቅ የገባ ይመስላል።

መብራት ሲመላለስ መሥራትና መሞከር። ባዮስ በማደስ ላይ እያለ መብራት ከሄደ አዲሱ ቦርድ እዚያው ሊቀር ይችላል። ባዮስ የምታድሱ ከሆነ በዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ)፣ ከሌለ ደግሞ መብራት በማይሄድበት ሰዓት አድርጉት። መብራት ሄዶ ሲመጣም ገመዱን ነቅላችሁ ትንሽ ቆዩ፤ ሲመለስ ከፍ ብሎ የሚመጣው ኃይል ቦርድ ይመታል።

ክዳኑን አንድ ሁለት ቀን ክፍት አድርጋችሁ ተጠቀሙ፤ የሚላላ ገመድ ካለ በዚያ ጊዜ ይታያል። የድሮውን ቦርድም ቶሎ አትጣሉት። አዲሱ የመጣበት ፀረ ስታቲክ ከረጢት ውስጥ አድርጉት። የኋላ ቆርቆሮውና ብሎኖቹ ለሌላ ቀን ያስፈልጋሉ፤ ጠጋኝ ካገኛችሁም ካፓሲተር ብቻ ተቀይሮለት ሊነሳ ይችላል።